ልዕልት ፀሐይና የአራስ ቤታችን ጉዳይ



ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምቴ የሚገባውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገበያ እንሄድበታለን፣ ዘመድ እንጠይቅበታለን፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ሐኪም ቤት እናደርስበታለን። በዚህ መንገድ መዳረሻ፣ ያኔ ለቀምት ትባል በነበረችው ከተማ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም የአንዲት የ22 ዓመት ሴት ሕይወት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አለፈ።

እኚህ ሴት የሚበሉት ያጡ ወይም ጠያቂ የሌላቸው አልነበሩም። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ የአገረ ገዥ ባለቤት ነበሩ። ለንደን ከተማ ተምረው የሕፃናት ነርስነት ፈቃድ ያገኙ ባለሙያም ነበሩ። ስማቸው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው።

በዚህ እትም ስለ ጡት ማጥባትና ስለ እናት ጡት ወተት ባንክ እንድጽፍ ስጠየቅ የእኚህን ሴት ታሪክ መረጥሁ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የልዕልት ፀሐይን ሕይወት ያነበበ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም፦ በወሊድ ሰዓትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሀብትና ማዕረግ ሊሠሩት የማይችሉት ሥራ አለ። ያንን ሥራ የሚሠራው አጠገብ የተገኘ የሠለጠነ እጅ ነው። ማኅበራችን ለአራስ አባሎቹ ምን ማድረግ አለበት ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከዚሁ ይነሣል።

ልጅነትና የጦርነት ዋዜማ

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው መነን አስፋው ናቸው። ለሁለቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። በ1923 ዓ.ም አባታቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ገና 11 ዓመታቸው ነበር። በዓመቱ በእናታቸው ስም የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ተከፈተ፤ ዛሬም እቴጌ መነን እያልን የምንጠራው ነው።

ቤተ መንግሥት ማደግ ከሐዘን አላዳናቸውም። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ በልጅነታቸው ለትግራይ መሳፍንት ወገን ተድረው ሄዱ፤ በ1926 ዓ.ም ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ልዕልት ፀሐይ በዚያን ጊዜ 14 ዓመታቸው ነበር። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ዘነበ ወርቅ የሚባለውን ሰፈርና ሆስፒታል ያውቃል፤ ስሙ ከእኚህ ልዕልት የተወሰደ ነው።

ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሩን ሲያከማች ዋና ከተማው ውስጥ የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ከዋነኞቹ አንቀሳቃሾች አንዷ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሱት ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። ሴቶቹ ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ አዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ሰፉ፣ ገንዘብና ቁሳቁስ አሰባሰቡ። ልዕልቲቱ በውጭ አገር ላሉ የሴቶች ማኅበራት ጦርነቱን እንዲቃወሙ፣ ለኢትዮጵያም እንዲደርሱላት ጥሪ አቀረቡ።

ሴቶች ተሰብስበው፣ መዝገብ ይዘው፣ ያላቸውን አዋጥተው የሚሠሩት ሥራ በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። እኛም እንዲህ ካሉት ሴቶች የወረስነውን ነው የምንሠራው።

ስደትና ነርስነት

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ስደተኞቹ በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ በኋላም ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ተቀመጡ። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ለአባታቸው አስተርጓሚም ነበሩ።

አሥራ ሰባተኛ ዓመታቸውን የያዙት ልዕልት በስደት ቤት እጅ አጣጥፈው መቀመጥን አልወደዱም። ለንደን በሚገኘው በታወቀው የታላቁ ኦርመንድ ጎዳና የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ለመማር ገቡ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ1852 የተከፈተ፣ በእንግሊዝ አገር ለታመሙ ሕፃናት ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው።

የነርስ ተማሪ ሥራ ለልዕልት የሚመች አልነበረም። በዚያ ዘመን ተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ማጽዳት፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ መመዘንና መመዝገብ ነበር። የሌሊት ተራ ነበረ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ማባበል ነበረ። እርሳቸውም ከሌሎቹ ተማሪዎች እኩል ሠሩ። ዛሬ ተቅማጥና የሳንባ ምች በመድኃኒት ይታከማሉ። ያኔ ግን ፔኒሲሊን ገና በሕክምና ላይ አልዋለም ነበርና የታመመ ሕፃን ከሞት የሚተርፈው በአብዛኛው በንጽሕና፣ በሙቀትና በአመጋገብ ነበር። ሦስቱም በነርሷ እጅ ነበሩ።

ነሐሴ 1931 ዓ.ም ላይ ትምህርታቸውን ፈጽመው በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። በዘመናዊ ነርስነት ሠልጥነው ፈቃድ ካገኙ ቀደምት ኢትዮጵያውያን ሴቶች አንዷ ናቸው። ልክ በዚያው ሰሞን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። አዲሷ ነርስ ግን ትምህርት በቃኝ አላሉም፤ የአጠቃላይ ነርስነት ሙያ ለመጨመር ጋይስ ወደተባለው የለንደን ሆስፒታል ገቡ። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ እርሳቸው በዚያው ሙያ ላይ ነበሩ።

በዚያ ጊዜ የቤተሰቡ ሐዘን አልቆመም። ግማሽ እኅታቸው ልዕልት ሮማነ ወርቅ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወስደው ነበር፤ በ1933 ዓ.ም መጀመሪያ ቶሪኖ ከተማ በምርኮ ሳሉ ዐረፉ። ልዕልት ፀሐይ የሰውን ልጅ ሲያስታምሙ የራሳቸው ወገን በጠላት እጅ ይሞት ነበር።

በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ

ልዕልት ፀሐይ ፈቃዳቸውን ባገኙበት እ.ኤ.አ በ1939 ለንደን ውስጥ ሌላም ነገር ተከናውኗል። ንግሥት ሻርሎት በሚባለው የወላዶች ሆስፒታል የአገሪቱ የመጀመሪያ የእናት ጡት ወተት ባንክ ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ባንክ የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1909 በቪየና ከተማ ነበር።

ባንክ ሲባል ብዙዎቻችን ገንዘብ ብቻ ስለምናስብ አሠራሩን ልግለጽ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ በጣም ያነሰ ሕፃን ብዙ ጊዜ መጥባት አይችልም። እናቱም ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ድንጋጤ ወተቷን ሊያዘገይባት ይችላል። በዚህ መካከል ለሕፃኑ የሚሰጠው የዱቄት ወተት ከሆነ፣ ገና ያልጠናው አንጀቱ በከባድ ሕመም ሊጎዳ ይችላል። የሌላ እናት ወተት ቢያገኝ ግን አደጋው ይቀንሳል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ላለ ሕፃን ከሁሉ በፊት የገዛ እናቱን ወተት፣ እርሱ ካልተገኘ ደግሞ ከወተት ባንክ የመጣ የሌላ እናት ወተት ይመክራል።

ወተት የምትሰጠው እናት የራሷን ልጅ አጥግባ የሚተርፋት፣ ጤነኛ ሴት ናት። ስለ ጤናዋ ትጠየቃለች፤ ደሟ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ይመረመራል። የታለበው ወተት በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ጀርም እንደሌለበት ተመርምሮ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ከዚያ በሐኪም ትእዛዝ በጥቂት በጥቂቱ ለጨቅላው ይሰጣል። ብራዚል ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ባንኮች አሏት። በጎረቤታችን በኬንያም ናይሮቢ ውስጥ ፑምዋኒ በተባለው የወላዶች ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ2019 አንድ ተከፍቷል።

እንደ ሒሳብ ባለሙያ ከሁሉ የገረመኝ መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ቁጥር አለው፤ ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደሞቀ፣ ለየትኛው ሕፃን እንደተሰጠ ይጻፋል። ለሙስሊም እኅቶቻችን ይህ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው፤ በእምነታቸው ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ አይጋቡምና ወተቱ ከማን እንደመጣ ማወቅ ግድ ነው።

ሐሳቡ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስት ወይም ጎረቤት አጥብታ ስታሳድግ አይተናል። የጡት ልጅና የጡት አባት የሚባለው ዝምድና በብዙ የአገራችን ክፍል የታወቀ ነው። በኦሮሞ ባህል ያለው ጉዲፈቻ ደግሞ ሌላ የወለደችውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ የሚያሳድግ ሥርዓት ነው። የቆየው ደግነት መልካም ነው፤ የዛሬው ጥንቃቄ ደግሞ ምርመራን ይጨምራል። ደሟ ያልተመረመረ ሴት የሌላውን ልጅ እንድታጠባ ማድረግ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከጤና ባለሙያ ሳይማከሩ አይሞከርም።

ወደ አገር መመለስና የለቀምት ክረምት

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ልዕልት ፀሐይም ከዚያ በኋላ ተመለሱ። አገሩ ከአምስት ዓመት ጦርነት የወጣ ነበር። የሠለጠነ ነርስ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከጥቂቱ የተማረ ሰው ብዙው በጦርነቱ አልቋል። ልዕልቲቱ ደሴ ሆስፒታል ገብተው በነርስነት አገለገሉ። በአገራቸው የሴቶችና የሕፃናት ሕክምና እንዲስፋፋ፣ ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶችም ነርስነት እንዲማሩ ትልቅ ምኞት ነበራቸው።

ሚያዝያ 1934 ዓ.ም ላይ ልጅ አቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ አገረ ገዥ ሆነው ስለተሾሙ ወደ ለቀምት አብረው ሄዱ። ለቀምት ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የምዕራብ ሸዋ ሰው የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ፣ የጭቃውንና የወንዙን ነገር ያውቀዋል፤ የዛሬ 80 ዓመት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግተውም። ልዕልቲቱ በዚያ ክረምት በእርግዝና ሳቢያ ታመው ዐረፉ። ጋብቻቸው ገና በወራት የሚቆጠር ነበር።

የሌላውን ልጅ ከሞት ለማትረፍ የተማሩት ሴት እርሳቸውን የሚያተርፍ በቂ ሕክምና በአካባቢው አላገኙም። አዋላጅ፣ ደም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ሌሊት የሚነሣ መኪና፤ ለእናት የሚያስፈልጓት እነዚህ ናቸው። ዘውድ እነዚህን አያመጣም። አስቀድሞ ተሠርቶና ተዘጋጅቶ ካልቆየ በምጥ ሰዓት የሚገዛ ነገር አይደለም።

በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል

የልዕልት ፀሐይ ሞት እንግሊዝ አገር ሲሰማ ወዳጆቻቸው መታሰቢያ ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ዋናዋ አስተባባሪ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ነበሩ። እኚህ ሴት በአገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ስለ እርሷ የሚከራከር ጋዜጣ ያቋቋሙ ናቸው። ከጦርነት ባልወጣ አገር፣ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ፣ ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ መዋጮ ሰብስበው ዓመታት ለፉ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ1951 አዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እርሱ ነው።

የመዋጮው ፍሬ በዚያ አልቆመም። በ1951 ዓ.ም ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። እዚያ ሲሠሩ በምጥ ተጎድተው ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ከሰው ተገልለው የሚኖሩትን ሴቶች አገኙ። ከዓመታት ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከዚያ ቀጥሎ በስማቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፍቶ ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶችን እያሠለጠነ ወደየወረዳቸው ይልካል።

የመታሰቢያው ገንዘብ ሲዋጣ ይህ ሁሉ እንደሚከተል ማንም አላወቀም። ደጋፊዎቻችን ይህን ታሪክ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ለእናቶች ተብሎ በታማኝነት የተመዘገበ ትንሽ ገንዘብ ሰጪው ካለፈ በኋላም ሥራ ይሠራል።

እኛ ዘንድ ያለው ሒሳብ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ በ2005 ቁጥሩ 39 ነበር። በ14 ዓመት ውስጥ የወረደው 6 ብቻ ነው። በዚያው ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት የጡት ወተት ብቻ የሚያገኙት 59 በመቶ ናቸው፤ በጤና ተቋም የሚወለዱትም ግማሽ አይሞሉም፣ 48 በመቶ ናቸው።

ቁጥሩን የሚቀንሰው ነገር ሁሉ ውድ አይደለም። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ፣ እንገሩን ሳይደፉ ማጥባት፣ ለስድስት ወር ውሃም ሳይጨምሩ በጡት ብቻ ማቆየት፣ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት ዋጋቸው ብር አይደለም። ያለ ጊዜው ለተወለደው ደግሞ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማቀፍ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፣ ወተቷንም ይቀሰቅሳል። በየመንደራችን ለጨቅላ ለጋ ቅቤ የማዋጥና ስኳር ውሃ የመስጠት ልማድ አሁንም ፈጽሞ አልጠፋም። እንገሩ ወፈር ብሎ ቢጫ ስለሆነ የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ፤ ለልጁ ግን የመጀመሪያ መከላከያው እርሱ ነው።

እነዚህን ሁሉ እናት የምታውቃቸው ቢሆንም ብቻዋን ከሆነች ይከብዷታል። ጡቷ ሲያግት፣ ጫፉ ሲቆስል፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ ጎረቤት ወተትሽ አልበቃውም ሲላት የምታደርገው ይጠፋታል። ጡት አያያዙን አይታ የምታስተካክልላት፣ አይዞሽ የምትላት አንዲት የሠለጠነች ሴት ብትገኝ ብዙው ችግር በቀናት ይቀላል። የልዕልት ፀሐይ ሙያ ይኸው ነበር፤ ሕፃኑን ማየት፣ መመዘን፣ ማብላት፣ እናቱን ማስረዳት።

ሌላው ሒሳብ የጊዜ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። የመንግሥት ሠራተኛዋም ፈቃድ እንዲሁ ነው። በጡት ብቻ የሚታደገው ጊዜ ግን ስድስት ወር፣ ማለት 180 ቀን ያህል ነው። 90ው ሲቀነስ 90 ቀን ይጎድላል። ጎመን የምትሸጠዋ፣ ጠላ የምትጠምቀዋ፣ እንጀራ የምትጋግረዋ አባላችን ደግሞ ከፊተኛው 90 ቀንም አንዲቱ የላትም። የብድሯ ቀን ሲደርስ አራስነቷን ትታ ገበያ ትወጣለች። የዱቄት ወተቱ ወይም የላም ወተቱ ወደ ቤት የሚገባው ያኔ ነው።

ይህን ክፍተት የሚሞላ አሠራር በአቅማችን ልንጀምር እንችላለን። ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ብድር ያለባት አባል ስትወልድ ሦስት ወር የክፍያ እፎይታ ይሰጣት። ለምሳሌ በወር 500 ብር የምትከፍል አባል በሦስት ወር 1,500 ብር ታዘገያለች እንጂ አትሰርዝም፤ ገንዘቡ በጊዜ ሰሌዳው መጨረሻ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚወልዱት አባላት ጥቂት በመሆናቸው ለማዞሪያ ገንዘባችን የሚከብድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በሌሎቹ ከተሞች ካሉን ቡድኖች እያንዳንዱ አንዲት ልጅ አጥብታ ያሳደገች፣ ሰው የምትወደውን አባል ይምረጥ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከጤና ጣቢያው አዋላጅ ጋር ሆና ትሠልጥን፤ አራሷንም በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ትጠይቃት። የትራንስፖርት ወጪዋን ማኅበራዊ ፈንዱ ይሸፍን። ገንፎና አጥሚት ይዞ አራስ መጠየቅ ያለንበት ባህል ነው፤ በዚያው ላይ እውቀት እንጨምርበት።

ሦስተኛ፣ ለገበያ ሴቶች ቅርብ በሆነ ቦታ በር ያላት አንዲት ንጹሕ ክፍል ትዘጋጅ፤ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና፣ ወንበር፣ ክዳን ያላቸው ኩባያዎች ይኑሯት። በንጹሕ እጅና በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት ከልክ ያለፈ ሙቀት በሌለበት ክፍል 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቤት ያለችው አያት በጡጦ ፈንታ በኩባያ ልትሰጠው ትችላለች።

አራተኛ፣ ሦስቱ ከተጀመሩ በኋላ፣ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን የሚያስታምሙ የዞናችን ሆስፒታሎች ከሚፈልጉት ጋር የእኛን አቅም እናገናዝብ። ወተት ባንክ ማቀዝቀዣ፣ ላቦራቶሪና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ ማኅበር ብቻውን የሚከፍተው አይደለም። ነገር ግን ያለ ፈቃደኛ እናቶች አይቆምም። እናቶቹ ደግሞ እኛ ነን። ስለ ጉዳዩ አስቀድመን ብናውቅና ብንነጋገር፣ ቀኑ ሲመጣ ወሬና ፍርሃት አያሰናክለንም።

እነዚህን በበጀት ረቂቁ ላይ በአራስ እናቶች ድጋፍ ርእስ ለብቻቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ገቢው፣ ወጪውና የቀረው በየሦስት ወሩ ለአባላትም ለደጋፊዎችም ይነገራል።

ልዕልት ፀሐይ የተማሩትን በሙሉ ለአገራቸው ሳይሰጡ በ22 ዓመታቸው ሄዱ። ሌሎች ሴቶች መዋጮ ይዘው የርሳቸውን ሥራ ቀጠሉት። በሚመጣው ጉባኤ ረቂቁ ሲቀርብ ሁላችሁም እንድትገኙ፣ ሐሳባችሁንም እንድትሰጡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በየቡድናችሁ ነፍሰ ጡር አባል ካለችም ስሟንና የምትወልድበትን ወር ለቡድን መሪያችሁ ከወዲሁ አስመዝግቡ፤ ከወለደች በኋላ ከመሯሯጥ ቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል።

ማርያም ለሁሉም በሰላም ትድረስላቸው።